ይዞታን መድፈርና ቅጣቱ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ

፩. የነገሩ መነሻ

አንድ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሌላው ቤት፣ በአጥር ግቢው ወይም በመሬቱ ሲገባ የሚፈጸመው በደል በብዙ አገሮች ሕግ ራሱን የቻለ ስምና የተወሰነ ቅጣት አለው። በአማርኛ ግን ይህን በደል በጠቅላላው የሚይዝ አንድ ቃል አናገኝም። አገሬው የሚናገረው ነገሩን እየለየ ነው፤ ቤት ደፈረ፣ ድንበር ገፋ፣ እህል አስበላ፣ ክልል ጣሰ ይላል። ይህ የቋንቋው ጉድለት ሆኖ ሊቈጠር አይገባም። እያንዳንዱ ስም የራሱ ተበዳይ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱም የቅጣት ልክ ስላለው፣ አራቱን በአንድ ቃል መጠቅለል ለአገሬው ሰው ነገሩን ማደብዘዝ ይሆንበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ እነዚህን አራት በደሎች በቅደም ተከተል ማስረዳትና የመንግሥት ሕግ ስለ እያንዳንዳቸው ከሚናገረው ጋር ማስተያየት ነው። ለማሳያ የተመረጠው አገር መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ሲሆን፣ ይህም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የመንዝና ግሼ አውራጃ እንዲሁም የመርሐ ቤቴ አውራጃ ይባል የነበረው ነው፤ ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ይገኛል። አገሩ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ርስት በትውልድ የሚቈጠርበትና ስለ መሬት መሟገት እንደ ሙያ የሚታይበት አገር ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፣ በመንዝ ገራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ምድር የመንግሥት ሕግ ሳይደርስበት ለብዙ ዘመን በአገሬው ደንብና ቅጣት ተጠብቆ ስለ ኖረ ነው።

፪. ቤትን መድፈር

የመጀመሪያውና በሁሉም ዘንድ ከባድ የሆነው በደል ቤትን መድፈር ነው። በደጋው አገር እንግዳ ሰው አጥር ጥሶ አይገባም፤ ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። የመሸበት መንገደኛ እንኳ የእግዜር እንግዳ መሆኑን አስታውቆ፣ ባለቤቱ እስኪወጣና ውሻውን እስኪይዝለት ድረስ በደጅ ይቆያል። እንግዳን ያለ ማደሪያ መመለስ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሳይጠሩት መግባትም ነውር ነው። ሁለቱ ደንቦች አንድ ሐሳብ ያስረዳሉ፤ ይኸውም ቤቱ ለእንግዳ ክፍት የሚሆነው በባለቤቱ ቃል ብቻ መሆኑን ነው።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ረገድ ከአገሬው ልማድ ጋር ይስማማል። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቤትን መድፈር በሰው ነፃነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል አድርጎ ደነገገ። እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 604 ይህንኑ አጽንቶ፣ በሕጋዊው ባለይዞታ ፈቃድ ሳይሆን ወደ ቤት ወይም ከቤት ጋር ተያይዞ ወዳለ ግቢ አስቦ የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንዲቀጣ ያዛል። አድራጎቱ በከባድ ሁኔታ ሲፈጸም ቅጣቱ ወደ ጽኑ እስራት ከፍ እንዲል ተደንግጓል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት ያለ አግባብ ከመበርበር ስለሚጠብቅ፣ ክልከላው ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ሹምም ጭምር ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሕጉ መሠረት የባለይዞታው ፈቃድ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ በደል የለም፤ ካልፈቀደ አለ። ይህ መሠረት ለቤት በሚገባ ይበቃል። ለማሳ፣ ለድንበርና ለጋራ ምድር ግን እየተዳከመ እንደሚሄድ ቀጥሎ እናያለን።

፫. ማሳና ከብት

በደጋው አገር አብዛኛው ማሳ አጥር የለውም። ታዲያ ማሳው የተከለከለ መሆኑን የሚያስታውቀው ምንድን ነው? መልሱ ወራቱ ነው። ዘር ከተዘራ ጀምሮ እስኪታጨድና እስኪነሣ ድረስ ማሳው የአራሹ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ከብት ቢገባበት እረኛውና የከብቱ ባለቤት ይጠየቃሉ። እህሉ ተነሥቶ ቃርሚያው ከተለቀመ በኋላ ግን ያው ማሳ ለመንደሩ ከብት ሁሉ ይከፈታል። በጥቅምት በደል የነበረው አድራጎት በጥር ወር በደል መሆኑ ይቀራል። በመንዝ ደጋ የበልግ ገብስም ስለሚዘራ ይህ መክፈትና መዝጋት በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ የበልግ ማሳ በሚዘጋበት ወራት የመኸሩ ማሳ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ አገር የመሬት ክልከላ ከቦታ ይልቅ በጊዜ የሚለካ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ከብት በእህል ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ልማዱ የታወቀ ነው። ባለ ማሳው ከብቱን ይዞ በቤቱ ያስራል፤ ወዲያውም ለከብቱ ባለቤት ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙባቸው ሽማግሎች ማሳውን አይተው፣ የተበላው እህል ስንት ቁና ይወጣው እንደ ነበር ይገምታሉ። ባለ ከብቱ ካሣውን ከፍሎ ወይም ዋስ ጠርቶ ከብቱን ይወስዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ምንም እንኳ አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ቢሆን፣ በዚህ ነጥብ ላይ ከገበሬው ልማድ ጋር ተገናኝቷል። ጉዳት የሚያደርሱ የሌላ ሰው እንስሶች በመሬቱ ላይ የተገኙበት ባለይዞታ ለካሣው መያዣ እንዲሆኑ ይዞ ሊያቆያቸው እንደሚችል ይደነግጋልና።

ክርክሩ በሽማግሌ ያልተፈታ እንደ ሆነ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ቀድሞ ከሳሽ ተከሳሹን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው ነበር፤ ይህን ቃል ሰምቶ አለመቆም ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው ምሳሌም ከዚህ የመጣ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትም ጊዜ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. የአጥቢያ ዳኛ በዐዋጅ ሲቋቋም በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጮ የመፍረድ ሥልጣን ተሰጠው። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም የዚያ ዘመን የእህል ማስበላት ክርክር በመጠኑ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነበር። ሕግ አውጪው ይህን ዓይነቱን በደል እዚያው በመንደሩ፣ ማሳውን በሚያውቅ ሰው ፊት ሊያስጨርሰው እንደ ፈለገ ከዚህ እንረዳለን።

፬. ድንበር መግፋት

ሦስተኛው በደል ድንበር መግፋት ነው። ይህ በአገሬው አስተያየት ከእህል ማስበላት እጅግ የከፋ ነው፤ የተበላ እህል በሚመጣው መኸር ይተካል፣ የተገፋ ድንበር ግን ለልጅ ልጅ ይቀራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያፈርስ የተረገመ መሆኑ ተጽፏል፤ ካህናቱ ይህን ለሕዝቡ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

በመንዝ ርስት የሚወረሰው ከአባትም ከእናትም ወገን ነው። ትውልዱን ከመጀመሪያው አቅኚ ድረስ ቈጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። መንዝ ራሱ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ገራ ምድር ተብሎ የተከፈለው በትውፊቱ መሠረት በማማ፣ በላሎና በገራ ስም ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል በሰፊው የታወቀውን መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን ከተመለከታቸው አገሮች ዋናው መንዝ መሆኑ ይታወሳል። እንዲህ ባለው የርስት ሥርዐት ውስጥ ድንበር ገፊውና ድንበር የተገፋበት ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው «ገባብኝ» ሲል ሌላው «ከአያቴ ድርሻ ገባሁ» ይላል። ስለዚህ ከቅጣቱ በፊት መወሰን ያለበት ጥያቄ «ያለ ፈቃድ ገባን?» የሚለው ሳይሆን «ፈቃድ ሰጪው ማን ነው?» የሚለው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህን አስቸጋሪ ጥያቄ በዘዴ አልፎታል። በአንቀጽ 1149 መሠረት ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ በቅድሚያ የሚያየው በእጁ የነበረው ማን እንደ ሆነ ነው፤ ክሱም በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአንቀጽ 2053ም ባለይዞታው በግልጽ እየተቃወመ በመሬቱ ወይም በቤቱ የገባ ሰው ጥፋተኛ ነው ተብሏል። የወንጀል ሕጉ በበኩሉ የሌላውን ይዞታ በኃይል የሚያውክን ሰው ይቀጣል። ሕጉ ይዞታን ከባለቤትነት የለየው፣ ሰዎች በትውልድ ቈጠራ እየተከራከሩ ሳለ በማሳው ላይ ደም እንዳይፈስስ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። ርስት በነበረበት አገር ገበሬው በዚያን ጊዜ በሚያርሰው መሬት የመጠቀም መብት ተሰጠው፤ በትውልድ ቈጠራ መጠየቅ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቷል። ከዚህ ወዲህ ድንበር መግፋት የዘመድ ክርክር መሆኑ ቀርቶ፣ መንግሥት ለገበሬው በሰጠው የመጠቀም መብት ላይ የሚፈጸም በደል ሆኗል።

፭. ጓሳና የቄሮ ሥርዐት

እስካሁን ያየናቸው ሦስቱ በደሎች የታወቀ ተበዳይ አላቸው። አራተኛው፣ ማለት ክልል መጣስ፣ ከእነርሱ የተለየ ነው። «ክልል» የሚለው ቃል ዛሬ በመንግሥት አስተዳደር ቋንቋ የታወቀ ቢሆንም፣ በገበሬው አነጋገር ለተወሰነ ጊዜ ታጥሮ ወይም ተከልክሎ የሚቆይ ግጦሽ ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ክልል ትልቁ ምሳሌ ጓሳ ነው።

የጓሳ ምድር ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተዘረጋ ውርጫማ ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው። ይህ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ለሚሆነው ገሳ ያገለግላል። አስታና ሌላው ቁጥቋጦ ለማገዶ፣ ጨፌው ለከብትና ለመንዝ በግ ግጦሽ ይሆናል። ዝናብ በታጣበት ዓመት የአካባቢው ከብት የሚተርፈው በዚህ ነው። የሚመነጨውም ውሃ ከፊሉ ወደ ዐባይ፣ ከፊሉ ወደ ዐዋሽ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበትም ሥፍራ ነው።

በትውፊቱ መሠረት በ17ኛው መቶ ዓመት ምድሩን ያቀኑት አስቦና ገራ የሚባሉ አባቶች ለሁለት ተካፍለውት፣ ዘሮቻቸው በአጽመ ርስትነት በጋራ እንዲጠቀሙበት ደነገጉ። አጠባበቁም «ቄሮ» ይባላል። የበላይ ጠባቂው «አባ ቄራ» ወይም «አፈሮ» ተብሎ በተጠቃሚዎቹ ይመረጣል። ሕጉ አጭር ነው። ጓሳው ለ3፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ሣር ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስና በጋው ሲጠና ሕዝቡ በጉባኤ መክሮ የሚከፈትበትን ቀን ይወስናል፤ ቀኑም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ይነገራል። ከዚያ በኋላ እንደገና ይዘጋል። ጥበቃው የተቀጠረ ዘበኛ ሥራ አልነበረም፤ የተጠቃሚው አባወራ ሁሉ በተራ ይወጣል፤ ያልወጣም ይቀጣል።

የቅጣቱን ክብደት ሽማግሎች ሲናገሩ፣ ከገንዘብና ከከብት መቀጮ አልፎ የአጥፊውን ጎጆ እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ይተርካሉ። በተዘጋ ጊዜ በታጨደ ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ለሁሉ የሚታይ ምስክር በራሱ ላይ ስላቆመ፣ ቅጣቱ በጎጆው ላይ መውደቁ ትርጉም ነበረው።

የዚህን ሥርዐት ጠባይ ከመንግሥት ሕግ ጋር ብናስተያየው ዋናው ልዩነት ግልጽ ይሆናል። በወንጀል ሕጉ አጥፊው የሌላውን ይዞታ የደፈረ ሰው ነው። በቄሮ ግን አጥፊው ብዙ ጊዜ ራሱ ባለቤት ነው፤ የአስቦ ወይም የገራ ዘር፣ ድርሻ ያለው ሰው። የደፈረው የሌላውን ቦታ ሳይሆን የጋራውን ጊዜ ነው። እርሱ ዛሬ ሣሩን ያጨደ እንደ ሆነ፣ የሚመጣው ዓመት ክዳን ለሁሉም ይጎድላል። በዚህ ላይ የባለይዞታ ፈቃድ የሚለው መሠረት አይሠራም፤ ፈቃድ ሰጪው ሕዝቡ በሙሉ ነው፤ የሚሰጠውም በአንድ ቀን ለሁሉም ነው።

፮. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የ1967ቱ ዐዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር የቄሮን መሠረት አብሮ ሻረው። በዐዋጁ መሠረት ገበሬዎች በ800 ሄክታር አንድ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ሲደረግ፣ ጓሳው በየማኅበሩ ድንበር ተከፋፈለ፤ የአስቦና የገራ ዘር ያልሆነ ሰውም የመጠቀም መብት ጠየቀ። አባ ቄራው የመቅጣት ሥልጣን አልነበረውም፤ በእርሱ ፈንታ የቆመ ዳኛም አልነበረም። ክልል መጣስ ተበዳዩ ያልታወቀ በደል ሆነ። መሬቱ የሕዝብ ነው የተባለ እንደ ሆነና ሕዝቡ ሁሉ የገባበት እንደ ሆነ፣ ከሳሹ ማን ይሆናል? የጓሳው ሣርና ቁጥቋጦ ያለ ወራቱ መታጨድና መቆረጥ የጀመረው በዚህ ክፍተት ነው።

ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የቄሮን ሌላ ገጽም ማየት ይገባል። ሥርዐቱ ጓሳውን የጠበቀው ብዙ ሰዎችን በውጭ አስቀርቶ ነው። ርስት የሌለው ጭሰኛ፣ ጠይብ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው በጓሳው ዳር እየኖረ ከጓሳው አይካፈልም ነበር። ለእርሱ ክልሉ በተዘጋበትም በተከፈተበትም ጊዜ ክልል ነበር። በ1967 ዓ.ም. ወደ ጓሳው ማጭዱን ይዞ የገባው ድኻ በአጽመ ርስተኛው ዐይን ደፋሪ፣ በዐዋጁ ዐይን ባለመብት ነበር። ከዚህ የተነሣ የደፋሪነትን ትርጉም የሚወስነው የመሬት ሥሪቱ ነው ማለት እንችላለን፤ ሥሪቱ ሲለወጥ ያው እግር፣ በዚያው መንገድ ሄዶ፣ ጥፋተኛነቱ ይለወጣል።

የኋላ ኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጓሳውን ዳግመኛ በደንብ ለመጠበቅ ተነሣ። በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ ጠባቂዎች ተመድበው፣ የክልሉ መንግሥትም ሥፍራውን የማኅበረ ሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። ልዩነቱ ተጠቃሚነት ከትውልድ ወደ ነዋሪነት መሻገሩ ነው። የቀድሞው አባል የሚቈጠረው በአያቱ ነበር፤ የዛሬው የሚቈጠረው በቀበሌው ነው።

፯. ማስተያየትና መደምደሚያ

የሌሎች አገሮች ሁኔታ ነገሩን የበለጠ ያብራራል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት ስለዚህ በደል የራሱን የወንጀል ሕግ ያወጣል፤ ብዙዎቹም ቅጣቱን ባለ መሬቱ አስቀድሞ ካስታወቀ በኋላ ብቻ ያጸናሉ። ማስታወቂያው አጥር ወይም የተጻፈ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፤ በአርካንሳስና በቴክሳስ በዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም እንኳ እንደ በቂ ማስታወቂያ ይቈጠራል። በስዊድን በተቃራኒው ማንኛውም ሰው ጉዳት ሳያደርስ በሌላው ጫካና ሜዳ የማለፍ የቆየ መብት አለው። ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የስዊሱ ተራራማ መንደር ተርብል ነው። በዚያ መንደር በ1517 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያሰማራ ከለከለ፤ የጣሰም መቀጮ ይከፍላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ኤሊኖር ኦስትሮም ይህን መንደር እንደ ዋና ምሳሌ ጠቅሳዋለች። የጋራ ሀብት ያለ ግል ባለቤት ወይም ያለ መንግሥት ዘበኛ የግድ ይጠፋል የሚለውን ሐሳብ በእንዲህ ያሉ ምሳሌዎች ተከራክራ አሸንፋለች። መንዝና ተርብል ሳይተዋወቁ ወደ አንድ መፍትሔ መድረሳቸው ለማኅበረ ሰብ ጥናት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት መደምደሚያዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የመንግሥት ሕግ ለቤት ያበጀው የፈቃድ መለኪያ ለጋራ ምድር አይበቃም፤ ለጋራ ምድር የሚያስፈልገው ስለ ጊዜ የሚናገር፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነው። ሁለተኛ፣ ቄሮ የሠራው በቅጣቱ ጭካኔ አይደለም። ጎጆ ማቃጠል የአንድን ሰው ጥፋት በሚስቱና በልጆቹ ላይ ስለሚያወርድ ዛሬ ሊፈቀድ አይችልም፤ ሊፈቀድም አይገባም። ሥርዐቱ የሠራው ቅጣቱ የማይቀር ስለ ነበረ፣ ጠባቂው ጎረቤት፣ ዳኛው የታወቀ ሰው፣ የተቀጪውም ድርሻ በመጪው መክፈቻ ቀን የማይነካ ስለ ነበረ ነው። የተቀጣው ሰው ተመልሶ ባለ ድርሻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ድርሻ የሌለውን ሰው በደፋሪነት መቅጣት ደንብ አያጸናም፤ ማጭዱን ይዞ በሌሊት የሚገባ ሰው ያበዛል እንጂ።

ይህ ጉዳይ ለጓሳ ብቻ የሚቀር አይደለም። በመርሐ ቤቴ ከጀማና ከወንጪት ገደሎች በላይ በሚገኙት ሜዳዎች፣ በግሼም ደጋ፣ ሰው እየበዛ ግጦሹ እየታረሰ ሲሄድ፣ ክልል የሚባለው ሣር ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው። የቀረውን ለማቆየት በየቀበሌው የሚጻፉት ደንቦች የቅጣቱን ገንዘብ ከመወሰናቸው በፊት ባለ ድርሻውን ቢወስኑ ይበጃቸዋል። ለተማሪዎችም የቀረ ሥራ አለ። የአባ ቄራውን አመራረጥ፣ የመክፈቻውን ቀን አቈራረጥ፣ የመቀጮውን ልክና የገማች ሽማግሎችን አነጋገር በዐይናቸው ያዩት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ቃላቸው በወጉ ሊጻፍ የሚችለው እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው።